እንግዳ የማይመጣበት ቤት

ባሕር በዓይኔ ሳላይ የጀልባ ውስጥ ነድፌያለሁ ስል ሰው አያምነኝም። አልፈርድበትም፤ እኔም በጊዜው አላመንኩም ነበር። ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ በኋለኞቹ ዓመታት፣ የስዊዝ ቦይ ገና ሳይዘጋ ነው። ቦታው ዲላ፣ ባዶ የቡና መጋዘን ውስጥ። ከዲላ ተነስቶ ባሕር ዳርቻ ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እንኳ አላውቅም ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ጀልባ ካማረ እህቴን ይዞብኝ ይሄዳል።

እህቴ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። አባታችንም እናታችንም በአንድ ክረምት ሲሞቱ እኔ የወተት ጥርሴን ገና አልነቀልኩም። ገጠር ካለው መንደራችን ከወርቃ በእግሯ አምጥታ ዲላ አስገባችኝ። ገበያ ላይ ቆጮ እየሸጠች አበላችኝ፣ ትምህርት ቤት ሰደደችኝ፣ ትምህርቱ እንቢ ሲለኝ ደግሞ አንድ አናጢ ዘንድ ወስዳ “ይሄ ልጅ አፉ እንጂ እጁ ክፉ አይደለም” ብላ አስቀጠረችኝ። ስለ አፌ ያለችው እውነት ነው። ቁጡ ነበርኩ፤ አሁንም ሽማግሌ ሆኜ ያው ነኝ። እህቴ ያገባችው እኔ ራሴን ችዬ መላጊያና መጋዝ ከገዛሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የጠየቋትን ሁሉ በእኔ እያሳበበች ትመልስ ነበር።

ያገባችው ግሪክ ነው። ስም ነበረው፤ ግን ያን ጊዜ ፈረንጅን ሁሉ “ሙሴ” ስለምንል የዲላ ሰው በሙሉ ሙሴ ይለዋል። የቡና መቀሸሪያ ቤት ነበረው፤ ቡና ከገለፈቱ የሚፈለፈልበት። አማርኛ የተማረው ከጭነት መኪና ሹፌሮች ስለሆነ ሲናደድ አፉ አይጣል ነው፤ ሲወድም በነዚያው ቃላት ነው የሚወደው። ፊት ለፊት “እርስዎ” እለዋለሁ፤ ዞር ሲል ግን “እሱ” ነው። ዛሬም “እሱ” እያልኩ ነው የማወራው፣ ነፍሱ ይቅር ትበለኝ።

ልጅ አልወለዱም። ቤታቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከዋናው መንገድ ዳር ስለነበር የይርጋጨፌ አውቶቡስ ሰው ሲያራግፍ ግማሹ ወደ እህቴ ቤት የሚሄድ ይመስላል። ገበያ የዋሉ የገጠር ዘመዶቻችን እዚያ ነው የሚያርፉት። የጸሎት ቤት ሴቶች እዚያ ነው የሚሰበሰቡት። ጎረቤቷ የጨርቅ ባለሱቁ ሚስት እስላም ናት፤ ሥጋው ባይገናኝም ወሬው ይገናኛል ትላለች፣ ከሰዓት በኋላ እዚያ ሳትቀመጥ አትውልም። ሙሴ ከመቀሸሪያው ሲመለስ ገለፈቱን ከጸጉሩ እያራገፈ በዚያ ሁሉ ሴት መሃል ይሾልክና ጥጉን ይይዛል። ደስ ይለው ነበር መሰለኝ፤ አጉረምርሞ አያውቅም።

አንድ ቀን መቀሸሪያው ድረስ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ዘርግቷል። ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር የተነጠፈ የእንሰት ቅጠል ይመስላል፤ መሃሉ ሰፊ፣ አንዱ ጫፉ ሹል።

“ይሄ ቤት ነው” አለኝ።

“የማን ቤት?”

“የእኔና የእህትህ።”

ምጽዋ ላይ ጀልባ የሚሠራ የአጎቱ ልጅ አለ። ባለ ሸራ ጀልባ እየሠራለት ነው። አካሉ አልቋል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። መቀሸሪያውን ሊሸጥ ነው። ስድሳ ሞልቶታል፣ ልጅ ሆኖ የዋኘባቸውን ደሴቶች ሳያይ መሞት አይፈልግም። ሄዶ ሊመለስ አይደለም፤ ጀልባው ላይ እየኖሩ፣ ከወደብ ወደብ እያሉ፣ ቀስ ብለው ሊሄዱ ነው። ወጥ የሚሠራበት፣ የሚተኛበት፣ ልብስ የሚቀመጥበት፣ ሁሉም ውስጡ መግባት አለበት። እሱን እኔ እንድነድፈውና ዲላ ላይ እንድሠራው ነው የጠራኝ። ፈታትተን በመኪና እንወስደዋለን አለ።

“እዚያ አናጢ ጠፋ?” አልኩት። ድምፄ አላማረም።

“አናጢ ሞልቷል። እህትህን የሚያውቅ አናጢ ግን የለም።”

“እሷስ ምን አለች?”

“ቤቱን ሳላይ እሺ አልልም አለች። ሰው የሚኖርበትን ቤት ሳያይ እሺ አይልም አለች።” ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። “ስለዚህ እዚህ እናሳያት።”

እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን እምቢ ብል ሌላ ሰው ይሠራዋል። እኔ ከሠራሁት ቢያንስ ነገሩ በእጄ ነው ብዬ አሰብኩ። ተንኮሌ ገና ያኔ ነው የጀመረው።

ቡናው ተጭኖ አልቆ መጋዘኑ ባዶ ነበር። ወለሉ ላይ ጣውላ ነጠፍኩ፤ ከምጽዋ በደብዳቤ የመጣውን ልክ በጠመኔ ጣውላው ላይ አሰመርኩት። ርዝመቱ ሰባት ሜትር፣ ሆዱ ላይ ሦስት ሜትር፣ ከዚያ ወደ አፍንጫው እየጠበበ ይሄዳል። ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው መሃሉ ላይ ብቻ ነው። ጎንና ጎኑን በቀርከሃ አጠርኩት። ለአልጋው፣ ለመቀመጫው፣ ለሳጥኑ እንጨት ከመቁረጤ በፊት ጆንያዎችን በቡና ገለፈት ሞላሁ። ገለፈት የሞላ ጆንያ ቀላል ነው፤ ሁለት ደርበህ ብታጋድመው አልጋ ነው፣ ብታቆመው ቁም ሳጥን ነው፣ አላምር ካለህ በእግርህ ገፋ ታደርገዋለህ። እንጨት አይባክን፣ ሰው አይቀየም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ቤት ስሠራ መጀመሪያ በገለፈት ነው የምሠራው።

የመጀመሪያውን ንድፍ ስጨርስ ኮራሁ። ሙሴን ጠርቼ አስገባሁት።

እኔ የማውቀው የዲላን ቤት ነው። ስለዚህ ከሦስት እጅ ሁለቱን ለእንግዳ ሰጥቼዋለሁ፤ በግራና በቀኝ ስምንት ሰው የሚያስቀምጥ መቀመጫ፣ መሃል ላይ ጠረጴዛ። የእነሱን አልጋ ጠባቡ አፍንጫ ውስጥ ወትፌዋለሁ፤ ባለቤት እንደምንም ያድራል። ማድ ቤቱን ከቤት አውጥቼ ኋላ በኩል ዳስ ሠርቼለታለሁ፤ ጭስ ከእንግዳ ጋር ምን አገናኘው።

ሙሴ ዞሮ ዞሮ አየ። “ሽንት ቤቱስ?”

“ጓሮ።”

“የምን ጓሮ?”

“ከቤቱ ራቅ ብሎ ነዋ። ሰው ከሚበላበት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አላደርገውም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

ጆንያው ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። “ባሕር ላይ ጓሮ የለም፣ አንተ…” አለና ከሹፌሮቹ የተማራቸውን ሦስት ቃላት ጨመረበት። እንባውን ጠርጎ መቀመጫዎቹን በእጁ እየመታ ቆጠራቸው። “ይሄ ሁሉ ደግሞ ለማን ነው?”

“ለእንግዳ።”

“ባሕር ላይ እንግዳ አይመጣም።”

እህቴ ምሳችንን ይዛ መጋዘኑ በር ላይ ቆማ ነበር። አላየናትም።

“ማንም?” አለች።

ሙሴ ዞር አለ። ሳቁ ጠፋ። “ማንም።”

“በበዓልም?”

“በበዓልም እኔና አንቺ ነን” አላት ቀስ ብሎ። “መሬት ስንደርስ ሰው እናገኛለን። መንገድ ላይ ግን እኔና አንቺ ነን።”

ምሳውን አስቀምጣ ወጣች። አልተቆጣችም፣ አልተከራከረችም። እህቴ ዝም ስትል ነው የምፈራት። ያን ቀን ግን አልፈራሁም። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ሙሴ ምሳውን ሳይነካ ሲቀር እኔ የሁለታችንንም በላሁ።

ከዚያ ወዲያ ሙሴ መቀመጫዎቹን አስነሳኝ። አንድ ለሁለት ሰው የሚበቃ ብቻ ቀረ። በሌላው ጎን የሸራና የገመድ ሳጥን፣ የእህልና የውሃ ማስቀመጫ ገባ። እኔም ሳልከራከር አነሳሁ። ጆንያ ባነሳሁ ቁጥር የእህቴ እግር ዲላ ላይ ሥር የሚሰድ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ሙሴ የጭነት መኪና ማንሻ ክሪክ ተሸክሞ መጣ። እኔ ያን ወለል በውሃ ልክ እያየሁ ሁለት ቀን ሙሉ ነው ያስተካከልኩት፤ ጠብታ ዘይት ብታስቀምጥ የትም አይሄድም። ሙሴ ክሪኩን ከአንዱ ጎን ሥር ከትቶ ወለሉን ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አደረገው፤ አንድ ክንድ ሙሉ። ጆንያዎቼ እየተንሸራተቱ ወደ ታችኛው ጎን ሄደው ተከመሩ።

“ነፋስ ሲገፋው ጀልባ እንዲህ ነው” አለኝ።

“ለምን ያህል ጊዜ?”

“አንዳንዴ ሦስት ቀን።”

ሜትሬን ወርውሬ ወጣሁ። የተጣመመ ቤት አልሠራም፣ ስሜን አላበላሽም አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ደጄ ተቀምጬ ሳኮርፍ በአራተኛው እህቴ መጥታ “ቤቱ ሦስት ቀን ይጣመማል፣ አንተም ሦስት ቀን ትጣመማለህ፤ ምን አጣላችሁ?” አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ፤ ሳቄ ካመለጠኝ ደግሞ አልቆልኛል። ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር አፍራለሁ፤ ሥራውን ወደድኩት። ከእንጨት ጋር ከተዋወቅሁ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ነገር አልገጠመኝም። በተጋደመ ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይታሰባል። መደርደሪያው ዳሩ ላይ ከንፈር ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ሳህኑ ይወርዳል። መሳቢያው ሲስቡት ዝም ብሎ መምጣት የለበትም፤ ትንሽ አንስተውት ነው የሚወጣው። አልጋው ጎኑ ላይ ጣውላ ይቆምለታል። ሰው እየተንገዳገደ ስለሚሄድ የጠረጴዛ ጠርዝ ሁሉ ይከረከማል፣ እጅ በሚደርስበት ሁሉ መያዣ ይደረጋል። የላምባ ምድጃውን ከግራና ከቀኝ በሁለት ፒን አንጠለጠልኩት፤ ቤቱ ሲጋደም ድስቱ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ማድ ቤቱን አፍንጫው ውስጥ ሳይሆን ከላይ በሚያስወርደው ደረጃ አጠገብ አደረግሁት፤ እዚያ መወዝወዙ ይቀንሳል፣ አየርም አለ። ለእህቴ ከጀርባዋ ሰፊ የቆዳ ጠፍር ሠራሁላት፣ እሱ ላይ ተደግፋ ሁለት እጇን ነፃ አድርጋ ታማስላለች። ሽንት ቤቱን እንኳ እሺ ብዬ አስገባሁት፤ በሩ እንደ ሣጥን ክዳን የሚገጥም አድርጌ ከደረጃው ወዲያ ማዶ አስቀመጥኩት። ሙሴ በሩን ከፍቶ ዘግቶ “እንደዚህ ያለ በር ባንክ ቤት የለውም” አለኝ። ኮራሁ፤ ምን ላድርግ።

እህቴ በየቀኑ ትመጣለች። ምድጃው አጠገብ ትቆማለች፣ አልጋው ላይ ትቀመጣለች፣ ያቺን የሁለት ሰው መቀመጫ ታያለች። “ጥሩ ነው” ትላለች። እሺ ግን አትልም። ሙሴም አይጠይቃትም። እኔ ምን እንደጎደላት አውቃለሁ። ሰው የማይገባበት ቤት ለእሷ ቤት አይደለም፤ ቢሆን ሳጥን ነው።

አንድ ቀን ጠዋት መፍትሔው መጣልኝ። ከአልጋው ሥር ሁለት ረድፍ የጣውላ ርብራብ፣ የአንዱ ርብራብ በሌላው መሃል እንደተጣመሩ ጣቶች የሚገባ። ሲስቡት ይወጣል፤ ሰው ቁጭ ይልበታል፣ ምንጣፍ ቢጣልበት ሰው ያድርበታል። ሲገፉት ተመልሶ ገብቶ ከወለሉ አንዲት ስንዝር አይወስድም። ጆንያው ላይ ቁጭ ብዬ ለራሴ አጨበጨብኩ። ወዲያው በቀርከሃ ትንሽ ናሙና ሠራሁና እየሳብኩ እየገፋሁ ተጫወትኩበት።

ከዚያ ቆም ብዬ አሰብኩ። ይህን ካሳየኋት እሺ ትላለች። እሺ ካለች ትሄዳለች።

ናሙናውን በጨርቅ ጠቅልዬ ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ ሥር ደበቅኩት። ሁለት ሳምንት እዚያው ተቀመጠ። በየቀኑ እህቴ ስትመጣ እግሬን ላዩ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። “ጥሩ ነው” ብላ ስትወጣ እኔ መላጊያዬን እስላለሁ። ያሳደገችኝን ሰው እንደዚያ ማድረጌን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይግላል። ግን ልቤ የሚለው ይሄን ነበር፤ እሷ ከሄደች እኔ የማን ነኝ? ገና አላገባሁም፣ ሌላ ዘመድ ብዬ የምጠራው የለኝም። ቁጣዬን የሚችል ሰው በምድር ላይ እሷ ብቻ ናት።

በዚያው ሰሞን የመጋዘኑ ወለል ጠዋት ጠዋት እርጥብ ሆኖ አገኘዋለሁ። ጣሪያው ያፈሳል ብዬ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ቆርቆሮውን መረመርኩ። ቀዳዳ የለም።

ከዚያ ሙሴ ወደ መቀሸሪያው ጠራኝ። ያን የመጀመሪያውን ወረቀት አጣጥፎ በእጁ ይዞታል።

“ትቼዋለሁ” አለኝ። “ጀልባውን ለአጎቴ ልጅ እሰጠዋለሁ።”

“ምነው?”

“አልሄድም አላለችኝም። እንሂድ ብላት ትሄዳለች፤ እኔ ግን ዓይኗን አያለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ በሰው መሃል ያየኋትን ሴት ውሃ ላይ ብቻዋን ላስቀምጣት አልችልም።” ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። “ዲላ ለመሞትም ደግ አገር ነው። የደከምክበትን እከፍልሃለሁ።”

አልተሳደበም። አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም። የፈራሁት አለመሳደቡን ነው።

ግን ፍርሃቴ ብዙ አልቆየም። ያሸነፍኩ መስሎኝ ለእህቴ የምሥራቹን ልነግር እየሮጥኩ ቤቷ ሄድኩ። የባለሱቁ ሚስት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ “ምሳ ከበላች ወዲህ መጋዘን ናት፤ ሰሞኑን እዚያ ናት” አለችኝ። እኔ በየቀኑ ጠዋት ሠርቼ ከሰዓት ወደ ገበያ ሥራዬ ስለምሄድ አላውቅም። በመጋዘኑ የጓሮ በር በኩል ገባሁ።

እህቴ ክሪኩን ራሷ አዙራ ወለሉን አንድ ክንድ አንስታዋለች። ጫማዋን አውልቃ፣ የቆዳ ጠፍሩ ላይ ተደግፋ፣ አንድ እግሯን ሳጥኑ ላይ አስደግፋ ከማሰሮ ወደ ኩባያ ውሃ ትቀዳለች። ግማሹ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ኩባያውን ከንፈር ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች እስከ አልጋው ሄደች። “አራት እርምጃ” አለች ለራሷ። ተመለሰች። “አራት።”

“እትዬ፣ ምን ታደርጊያለሽ?”

ደነገጠች፤ ከዚያ ፈገግ አለች። “እለማመዳለሁ።”

“እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቀርቷል” አልኩ። “ሙሴ ትቶታል። ጀልባውን ለአጎቱ ልጅ ሊሰጠው ነው።”

ማሰሮው መንሸራተት ጀመረ። ሳታየው ያዘችው።

“ማን ተው አለው?”

“አንቺ አልፈልግም ስላልሽ ነዋ።”

“እኔ መቼ አልኩ?”

“እሺም አላልሽም።”

“እሺ እንዳልል ያደረግኸኝ አንተ ነህ።”

ናሙናው የተገኘብኝ መሰለኝ። “እኔ ምን አደረግሁ?”

“ና፣ ግባ።” ክንዴን ይዛ በቀርከሃው በር አስገባችኝ። “በል ተቀመጥ።”

ዙሪያዬን አየሁ። ወለሉ እንደተጋደመ ነው፤ ቆሜ እንኳ ሚዛኔን አጣሁ።

“ያ የሱ ቦታ ነው” አለች፤ “ይሄ የኔ። አንተ ስትመጣ የት ትቀመጣለህ? የት ታድራለህ?”

ወለሉ ላይ በዓይኔ ቦታ ፈለግሁ።

“ሁለት ወር ሙሉ ስትለካ ስትቆርጥ አያለሁ። ለድስቱ ቦታ ሠራህ፣ ለገመዱ ሠራህ፣ ለሽንት ቤቱ ሳይቀር ሠራህ። ለራስህ አንድ ስንዝር አልተውክም። ዛሬ ያደርጋል፣ ነገ ያደርጋል እያልኩ በየቀኑ መጥቼ አያለሁ። እኔ የማልፈልግህ መስሎህ ነው፣ ወይስ አንተ መምጣት ሳትፈልግ?”

“እኔ እኮ እንግዳ ያልሽው ጎረቤቱን፣ የጸሎት ቤቱን ሰው…”

“ያን ሁሉ ሰው ባሕር ላይ ላመጣ? እብድ መሰልኩህ?” ክንዴን ለቀቀችኝ። “እኔ የጠየቅሁት ላንድ ሰው ነው።”

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ያን ቀን አልገደደኝም። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ የራሴ መሣሪያ ያለኝ አናጢ ሆኜ፣ ገለፈት ጆንያ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ስጨርስ ተነስቼ ከጠረጴዛዬ ሥር ያንን የተጠቀለለ ነገር አመጣሁና እጇ ላይ አስቀመጥኩት።

ጨርቁን ፈታችው። ሳበችው፤ ወጣ። ገፋችው፤ ገባ። ደግማ ሳበችው። ምን እንደሆነ ልነግራት አላስፈለገኝም።

“መቼ ሠራኸው?”

መዋሸት እችል ነበር። “ሁለት ሳምንት ሆነው” አልኩ።

ረዘም አድርጋ አየችኝ። ሁሉ ነገር ፊቴ ላይ ተጽፏል መቼም፤ እሷ እንደሆነች ከልጅነቴ ጀምሮ የምታነበው ፊት ነው። በእርጥብ እጇ ጭንቅላቴን አንድ ጊዜ ጠፈጠፈችኝ።

“ምቀኛ” አለችኝ። እንደዚያ በፍቅር ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

“እትዬ፣ ይቅር በይኝ።”

“ተኛ።”

“ምን?”

“ተኛ ልለካህ። ደግሞ አሳንሰህ ሠርተህ እግሬ ወጣ ብለህ እንዳትቀርብኝ።”

ወለሉን አወረድን፤ እኔም ተጋደምኩ። ከራሴ ጀምራ እስከ ተረከዜ በስንዝሯ ለካችኝ፤ ስምንት ስንዝር ከአራት ጣት። ስትጨርስ እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። “ከወርቃ ሳመጣህ አምስትም አትሞላም ነበር” አለች። በማግስቱ ጠዋት ለሙሴ እሺ አለችው። ሙሴ መጋዘኑ ድረስ መጥቶ ያንን መቀመጫ ሳበና ገፋ፣ ሳበና ገፋ፣ ከዚያ አንገቴን አንቆ አቅፎ በሹፌር አማርኛ መረቀኝ።

ሁሉንም በዋንዛ እንጨት ሠራሁት። እያንዳንዱን ቁራጭ በእርሳስ ቁጥር ሰጥቼ ፈታታሁት፣ በቡና ጆንያ ጠቀለልኩት። በቡና መኪና ላይ ሆነን እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በሌላ መኪና እስከ ምጽዋ ሄድን። ባሕሩን መጀመሪያ ሳየው ስለ ውበቱ ምንም አላሰብኩም። ይሄ ሁሉ ውሃ ባዶውን ይተኛል? ነው ያልኩት። ሙቀቱ ልብ ያደክማል። የጀልባው ሆድ ደብዳቤው ካለው በሁለት ጣት ጠቦ ስለተገኘ ሁለት ቀን ሙሉ ስላግና ስረግም ሰነበትኩ። የእኔን መቀመጫ ግን ከነልኳ አስገባኋት፤ ከእሷ ላይ ምንም አልቀነስኩም።

ያቺ መቀመጫ ስንት ጊዜ አገለገለችህ የሚለኝ ሰው አለ። አንድ ጊዜ ነው። እመጣለሁ እያልኩ፣ ትመጣለህ እየተባልኩ፣ ዓመቱ ዓመትን እየወለደ፣ መንገዱም ዘመኑም እየተዘጋ ቀረ። አንዱን ጊዜ ግን አልረሳውም።

ሊነሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ እኩለ ቀን ላይ፣ እህቴ ከጀልባው ሆድ ውስጥ ጠራችኝ። በደረጃው ወረድኩ። የእኔን መቀመጫ ሳብ አድርጋ ምንጣፍ ጥላበታለች። ሙሴ ጥጉን ይዟል። ቁጭ አልኩ። ጀልባው ከሥሬ ቀስ እያለ ይነሳል፣ ይወርዳል። ከምድጃው በኩል ማስታጠቢያ፣ ማንቆርቆሪያና ፎጣ ይዛ መጣችና ፊቴ ቆመች።

እህቴ በዕድሜዬ ሙሉ እጄን አስታጥባኝ አታውቅም። ቤቷ ስገባ ራሴ ነው ውሃ የምቀዳው፣ ራሴ ነው ድስቱን የምከፍተው፣ ቆሜ ነው የምጎርሰው፤ እሷም ከኋላዬ እየመጣች “ሰው አይደለህም!” እያለች ነው የምትቆጣኝ።

“ምነው እትዬ?” አልኳት። “እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?”

ማንቆርቆሪያውን ወደ እኔ አዘነበለች። “የመጀመሪያው እንግዳዬ ነህ” አለችኝ። “እጅህን አምጣ።”

ሁለቱንም እጆቼን ዘረጋሁላት።